መልስ፦ ፕሮቲን የማይሠራ ጂን ምን ይሠራል?

«ፕሮቲን ካላመረተ ጂኑ ሌላውን እንዴት ይቆጣጠራል?» ብለው ለጠየቁት፦ በማማለል ነው።

ማይክሮ አር ኤን ኤ 22 ገደማ ኬሚካላዊ ፊደላት ያሏት አጭር የአር ኤን ኤ ቁራጭ ናት፤ መልእክተኛው አር ኤን ኤ (የጂኑን ትእዛዝ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚያደርሰው ቅጂ) ላይ ተለጥፋ ፕሮቲን እንዳይሠራበት ታግዳለች፣ ወይም ቶሎ እንዲፈርስ ታደርጋለች። አሁን ፒቲኢኤን የተባለውን ካንሰር ገቺ ጂን ይመልከቱ። ፒቲኢኤንፒ1 የሚባል ቅጂ አለው፤ የፕሮቲን ማስጀመሪያ ምልክቱ ስለተበላሸ ፕሮቲን አያወጣም። አር ኤን ኤው ግን ያንኑ የመለጠፊያ ቦታ ይዟል፤ ስለዚህ በወንድሙ በፒቲኢኤን ላይ የሚዘምቱትን ማይክሮ አር ኤን ኤዎች እንደ ስፖንጅ ይመጥጣቸዋል። ይህ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። (ፕሮቲን ለማይሠራ ዲ ኤን ኤ የተሰጠውን «ቆሻሻ ዲ ኤን ኤ» የሚለውን ስም ድሮም አልወደውም ነበር።)

አንድ ጥንቃቄ፦ በሴሉ ውስጥ ጥቂት የአር ኤን ኤ ቅጂ ብቻ ያለው ስፖንጅ እምብዛም አይመጥጥም። ብዛቱ ሳይለካ «ስፖንጅ ነው» የሚል ጽሑፍ ካጋጠመዎት ይጠራጠሩ።