«መተካት» ወይስ «መፈናቀል»? የኬሚካዊ ለውጦች ስያሜ

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። የብረት ምስማር የመዳብ ሰልፌት በሟሟበት ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚካሄደውን ለውጥ በአማርኛ «ነጠላ መተካት» ልበለው ወይስ «ነጠላ መፈናቀል»? «ውህድ»ስ የሚጻፈው በየትኛው «ሀ» ነው?

መልስ፦ «መፈናቀል» ይበሉ። ችግሩ ያለው «ተካ» በሚለው ግስ ላይ ነው። «ልጁ አባቱን ተካ» ስንል የግሱ ባለቤት ወደ ቦታው የገባው ነው። «ልጅ ተክቶ አለፈ» ስንል ግን ባለቤቱ ቦታውን የለቀቀው ሟች ነው። ግሱ ለገቢውም ለወጪውም ስለሚያገለግል፣ «ብረት መዳብን ተካ» የሚለውን ተማሪ ገልብጦ ቢረዳው አይፈረድበትም። «ብረት መዳብን አፈናቀለ» ግን ፍቺው አንድ ነው።

ለውጡ ራሱም ይህንን ቃል ይሻል። ምስማሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ሲነክሩት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀላ ያለ መዳብ ይለብሳል፤ ሲቆይም የውሃው ሰማያዊነት እየደበዘዘ ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ ይሄዳል። (ዝገት ወይም ዘይት ያለበት ምስማር ሥራውን ያጓትታል፤ ዚንክ የተለበጠ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የሚሠራው ዚንኩ ስለሆነ ውጤቱን ብረት አመጣው ማለት አይቻልም።) በተቃራኒው የመዳብ ሽቦ በብረት ሰልፌት ውስጥ ቢከቱ ምንም አይሆንም። ብርቱው ደካማውን ያስለቅቃል፤ ደካማው ብርቱውን አይነቀንቅም። «መተካት» ይህንን የኃይል ብልጫ አይነግረንም።

«መፈናቀል ከቀዬው የተሰደደን ሕዝብ ያስታውሳል፤ ለትምህርት ይከብዳል» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። አልቀበለውም። ባላገር ዛሬም ድንጋይ ይፈነቅላል፤ ከተቀመጠበት ጉድጓድ ገፍቶ ማንሳት ማለት ነው። በ«ፈነቀለ» ውስጥ «ነቀለ» በግልጽ ይሰማኛል፤ ፊት የተጨመረው «ፈ» ከየት መጣ የሚለው ለብቻው የሚያከራክር ቢሆንም።

ነገር ግን «ድርብ መፈናቀል» አይበሉ። የብር ናይትሬትና የገበታ ጨው፣ ሁለቱም በውሃ የሟሙ፣ ሲገናኙ ነጭ የብር ክሎራይድ ይዘቅጣል፤ ሶዲየሙ ከናይትሬቱ ጋር ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሁለቱ አጋር ተለዋወጡ እንጂ ብቻውን የተባረረ የለም። ስለዚህ «ድርብ ልውውጥ» ነው። መለያውም ቀላል ነው፦ የለውጡ እኩልታ ሲጻፍ ከግራ ብቻውን የገባ ንጥረ ነገር፣ ከቀኝም ብቻውን የወጣ ሌላ ንጥረ ነገር ካለ መፈናቀል ነው፤ በሁለቱም በኩል ውሑዶች ብቻ ከሆኑና አጋር ከቀያየሩ ልውውጥ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ፤ በጣም የሚቆረቁረኝም ይኸው ነው። «ውሑድ» በሐመሩ «ሐ» ይጻፋል፤ የ«ዋሕድ» እና የ«ተዋሕዶ» ዘመድ ነው፣ አንድ መሆን ማለት ነው። በብዙኃኑ «ኀ» የሚጻፈው የግእዙ «ውኁድ» ጥቂት፣ አነስተኛ ማለት ነው፤ አናሳ ቁጥር ያላቸውን «ውኁዳን» የምንለው ከዚያ ነው። ሁለቱን በሃሌታው «ሀ» ስንጽፍ አንድ የሆነውና ጥቂት የሆነው አንድ መልክ ያዙ።

አንድ መሆኑ ደግሞ ባዶ ስም አይደለም። 7 ግራም የብረት ብናኝና 4 ግራም ድኝ ቢያደባልቁ ማግኔት ብረቱን ለይቶ ያወጣል፤ ይህ ድብልቅ ነው። አሙቀው ሲግል ግን 11 ግራም የብረት ሰልፋይድ ይሆናል፤ በትክክል ከተዋሐደ ማግኔቱ ብረቱን መለየት አይችልም። ብረቱ ከበዛ የተረፈው በማግኔት ይሳባል፤ ድኙ ከበዛ እየነደደ የሚያፍን ጋዝ ያወጣልና አየር በሚገባበት ቦታ ይሥሩት። የዚህ ተቃራኒ «መፈራረስ» ነው፦ 100 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት በኃይለኛ ሙቀት 56 ግራም ኖራና 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አንዳንዶች ይህንን «መበስበስ» ብለው ይተረጉሙታል፤ ሥጋ ይበሰብሳል እንጂ ድንጋይ አይበሰብስም።

መምህሩ ሁሉ «ነጠላ መተካት» ማለት እንደለመደ አውቃለሁ፤ «ውህድ»ም በሃሌታው «ሀ» በየመጽሐፉ ሰፍሯል። ተማሪ በፈተና እንዲህ ቢጽፍ ነጥብ አይቀንሱበት። በራስዎ ማስታወሻ ላይ ግን «ሐ»ን ይጠብቁልኝ።