ትንሽ ላፕቶፕ ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ለዕለት ሥራ የሚሆን ላፕቶፕ። የአንዱ መልስ ለሌላውም ስለሚጠቅም አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ከቢቸና፦ «መምህር ነኝ። ፈተና እጽፋለሁ፣ ውጤት በኤክሴል እሠራለሁ። ላፕቶፑን ተሸክሜ በእግሬ ነው የምመላለሰው። ያለኝ ባለ 15.6 ኢንች ትከሻዬን ጨረሰው። ስንት ኢንች ልግዛ?»

መምህር፣ 14 ኢንች ይግዙ። የእርስዎ ዓይነቱ ከነቻርጀሩ ከሁለት ኪሎ በላይ ነው። ለቢሮ ሥራ ተብለው የተሠሩት ባለ 14ቶቹ ግን አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ ናቸው። ባለ 12.5 ኢንችም አለ፣ ከዚያም ይቀላል። ነገር ግን የአንድ ክፍል ተማሪ ውጤት ሲሞሉበት ዓይን ያደክማል። ደግሞ የኢንቹን ቁጥር ብቻ አይዩ። «ስክሪኑ ፉል ኤችዲ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ 1920 በ1080 ማለት ነው። ቆየት ያሉት ትናንሾች ብዙዎቹ 1366 በ768 ናቸው። እነሱ ላይ ኤክሴል ሲከፍቱ ከላይ ያሉት ምልክቶች ቦታውን ይይዙትና ለተማሪዎቹ ስም የሚተርፈው ጥቂት መስመር ነው። ወደ ላይ ወደ ታች ሲሉ ይውላሉ።

ከፍኖተ ሰላም፦ «የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ በፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም ነው የምሠራው። ትንንሾቹ ላይ በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ሰሌዳ የለም። ምን ይሻለኛል?»

ትንሹን ይግዙና በዩኤስቢ የሚሰካ የቁጥር ሰሌዳ ለብቻው ይጨምሩበት። ዋጋው ቀላል ነው፣ ቢሮ ጠረጴዛዎ ላይ ይቀመጣል። ለእሱ ሲባል ትልቅ ላፕቶፕ መሸከም አያስፈልግም። ፒችትሪም ቢሆን ከባድ ማሽን አይፈልግም።

ከዳንግላ፦ «ልጄ ሥራ ይዛለች፣ ላፕቶፕ ልገዛላት ነው። በተቀራራቢ ዋጋ ሁለት አገኘሁ። አንዱ ከነካርቶኑ አዲስ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ሴሌሮን፣ 4 ጂቢ ራም። ሌላው ያገለገለ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጂቢ ራም። ሰው ሁሉ አዲሱን ግዢ ይለኛል።»

እናቴ፣ እኔ ያገለገለውን ይግዙላት እላለሁ። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ብቻ ቢያንስ 4 ጂቢ ራምና 64 ጂቢ ማስቀመጫ ይጠይቃል። አዲሱ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ራሙ ዝቅተኛው መስፈርት ላይ ነው ያለው። ልጅዎ ወርድና ኤክሴል ከፍታ፣ ብሮውዘር ስትጨምርበት ይንቀራፈፋል። እንዲህ ያሉት ርካሽ አዲሶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ ልጨምር ቢሉ አይቻልም።

ያገለገለውን ግን ሳያዩ ገንዘብ እንዳይከፍሉ። ልጅዎ አብራዎት ትሂድና እነዚህን ትይ።

መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ጄኔሬሽን፣ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ማለት ነው። ከአይ ፋይቭ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ8 ይጀምር፣ ለምሳሌ 8250 ወይም 8350፤ ከዚያ አዲስ ጄኔሬሽን ከሆነም ጥሩ ነው። 6300 ወይም 7300 ከሆነ ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ነው፤ ማይክሮሶፍት ለእነዚያ ዊንዶውስ 11ን አይደግፍም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የሥራ ፋይል የሚቀመጥበት ማሽን የደህንነት ማሻሻያ ሳያገኝ እንዲቀር አልመክርም።

ሁለተኛ፣ ፋይል የሚቀመጥበት ክፍል ፈጣኑ ኤስኤስዲ ይሁን እንጂ ሃርድ ዲስክ አይሁን። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታስተካክሉ እንኳ ፍጥነቱ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። እነዚህ ስላሽ የምንላቸው ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ውጭ አገር ድርጅት ውስጥ የሠሩ ናቸው። አንዳንዱ የድርጅቱ ቁልፍ ሳይነሳለት ይመጣል። ሻጩ ዋይፋይ አገናኝቶ ዊንዶውሱን ከባዶ ያስጀምርላችሁ። የማታውቁት ድርጅት ስም መጥቶ ፓስወርድ ከጠየቀ ትታችሁ ውጡ። ባዮሱም፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ፣ በፓስወርድ የተቆለፈ እንዳይሆን እዩ።

ኪቦርዱን ሁሉንም ፊደል እየነካች ትሞክረው። የጀርመን ወይም የፈረንሳይ ኪቦርድ ያለው ያጋጥማል፤ ፊደሎቹ ቦታቸውን ቀያይረው ለዕለት ሥራ ያስቸግራል።

ከደብረ ማርቆስ፦ «መብራት በሄደ ቁጥር ሥራዬ ይቆማል። ባትሪው ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

አንተ የጠየቅከኝ ከሁሉም የሚበልጥብኝን ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ተቃጥዬ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሻጩ «አራት ሰዓት ይይዛል» አለኝ፣ እኔም ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ሞክሬው አመንኩት። በሳምንቱ ማታ ሪፖርት እየጻፍኩ መብራት ሄደ። ባትሪው 62 በመቶ ይላል። ሻማ ፈልጌ ሳልመለስ ስክሪኑ ጠፋ። ሴቭ ያላደረግኩት ሦስት ገጽ አብሮ ሄደ። ጠዋት ለቢሮ የማስረክበው ነበር።

ስለዚህ ሻጩን «የባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ» በለው። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት ቁጥር ፈልግ፦ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው። 50,000 ከነበረ አሁን 40,000 ቢሆን ጥሩ ነው። 25,000 ከሆነ ግማሹ ሄዷል፤ ወይ ዋጋው ይቀነስ ወይ ባትሪው ይቀየር። ከዚያ ቻርጀሩን ንቀልና ቪዲዮ ክፈትበት። ሻይ ጠጥተህ ተመለስ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስንት በመቶ እንደቀረ እይ።

አንድ ነገር በእጅህም ፈትሽ። ላፕቶፑን ዘግተህ ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። በአራቱም ጥግ ተራ በተራ ጫን ጫን አድርገው። ከተወዛወዘ፣ ወይም በጣት የሚነካው የማውዝ ሰሌዳ (ታችፓድ) ከፍ ብሎ ጠቅ ማለት እምቢ ካለ፣ ባትሪው አብጦ ይሆናል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በርካሽ ቢሰጡህም አትውሰደው።

መብራት ለሚያስቸግረው ሰው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480ን እወድለታለሁ። ባለ 14 ኢንች ነው፣ ባትሪው ሁለት ነው። አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከሥር የሚነቀል። ትርፍ ባትሪ ካለህ ላፕቶፑን ሳታጠፋ ትቀይራለህ። በታይፕ-ሲ (Type-C) ገመድም ቻርጅ ይደረጋል። የትኛውንም ብትገዛ ግን መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀል። ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ሰካው።

ከቡሬ፦ «ቲንክፓድ ኤክስ280 ባለ 8 ጂቢ አለ። በኋላ 16 አደርገዋለሁ ብዬ ልግዛው?»

አይሆንም፣ የእሱ ራም የተበየደ ነው። 16 የምትፈልጊ ከሆነ ከመጀመሪያው ባለ 16ቱን ፈልጊ። 8 የሚበቃሽ ከሆነ ግን ቀላልና ጥሩ ማሽን ነው።

ከሞጣ፦ «ዘመድ ከአዲስ አበባ ገዝቶ በአውቶቡስ ሊልክልኝ ነው። ምን ልንገረው?»

ጣሪያ ላይ ወይም ዕቃ መጫኛ ውስጥ እንዳይገባ፣ የሚመጣ ሰው በእጁ ይያዘው። የዓባይ በረሃን ወርዶ እስኪወጣ ከባድ ሻንጣ ቢጫነው ስክሪኑ አይተርፍም። ቻርጀሩን ክዳኑ ላይ አጣጥፎ አብሮ እንዳይጠቀልለው፤ የቻርጀሩ ሳጥን ስክሪኑን እየተጫነ ይሰነጥቀዋል። በፎጣ ጠቅልሎ፣ ቻርጀሩን በሌላ ኪስ ያድርገው። ከመላኩ በፊት ከሥሩ የተጻፈውን መለያ ቁጥርና የባትሪ ሪፖርቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልህ። ሲደርስህ ከፎቶው ጋር አስተያየው።