አብራሪው ትንሿን አውሮፕላን ካላያትስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ከትንሽ አውሮፕላን ጋር ሊጋጭ ለጥቂት ተረፈ የሚል ዜና አነበብኩ። እናቴ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ጎንደር ልትበር ቲኬት ቆርጠንላታል። አብራሪው ትንሿን ካላያትስ?
ከአዘዞ

መልስ፦ ልጄ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። በአውሮፕላን ጥገና ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። የአብራሪ ዓይን ብቻውን አይበቃም። በፈረንጆቹ 1986 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ፓይፐር የምትባል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከሜክሲኮ ጄት ጋር ተጋጭታ 82 ሰው አለቀ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር! ከዚያ በኋላ ነው አሜሪካ ቲካስ የሚባለውን የግጭት መከላከያ መሣሪያ በትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ያስገደደችው።

ቲካስ የሌላውን አውሮፕላን ትራንስፖንደር፣ ማለትም ለሬዲዮ ጥያቄ በራሱ የሚመልስ መሣሪያ፣ በሬዲዮ "የት ነህ? ከፍታህስ?" ብሎ በየሰከንዱ ገደማ ይጠይቃል። ሲቀራረቡ መጀመሪያ ያስጠነቅቃል። ካልተራራቁ "ውጣ" ወይም "ውረድ" ብሎ ያዛል። ትንሿ ቲካስ ባይኖራትም ችግር የለም፤ ከፍታዋን የሚናገር ትራንስፖንደር ካላት ትልቁ ይሸሻታል። ትራንስፖንደሯ ከተዘጋ ግን ቲካስ አያያትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ማንም አብራሪ ሊዘጋው አይገባም።

ቲካስና ከምድር ሆኖ በረራ የሚመራው ተቆጣጣሪ የተለያየ ትእዛዝ ቢሰጡስ? አብራሪው መታዘዝ ያለበት ቲካስን ነው። በፈረንጆቹ 2002 ጀርመን ላይ አንዱ አብራሪ ተቆጣጣሪውን፣ ሌላው ቲካስን ሰማ። ሁለቱም ወረዱ፤ ተጋጭተው 71 ሰው ሞተ።

እናትሽ ይብረሩ። አውሮፕላኑ በድንገት ሽቅብ ወይም ቁልቁል ሊል ስለሚችል፣ ቀበቷቸውን አዘዞ አየር ማረፊያ እስኪደርሱ እንዳይፈቱ ብቻ ንገሪያቸው።