ጠብታውን ከክሊኒኩ መውሰድ ይቻላል? የዓይን ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ኦፕቶሜትሪስት ሆኜ ስሠራ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ ማታ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ኦፕቶሜትሪስት መድኃኒት ከማዘዝ አልፎ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ለታካሚው መስጠት ይችላል ወይ? ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል። ስለዚህ ስትጠይቁ የምትኖሩበትን ስቴት ጻፉ።

የሜሪላንዷ፦ ኦፕቶሜትሪስት ሐኪም ነው ወይስ መነፅር ሻጭ?

መልስ፦ መነፅር የሚያዘጋጅልሽ ኦፕቲሺያን ነው። ሜዲካል ስኩል ጨርሶ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ኦፕታልሞሎጂስት ነው። ኦፕቶሜትሪስት ከኮሌጅ በኋላ አራት ዓመት የዓይን ትምህርት ተምሮ፣ የዶክትሬት ዲግሪና የስቴት ፈቃድ ይዞ ዓይን የሚመረምር ነው።

የኒውዮርኩ፦ ማዘዝ ከቻሉ መስጠት ምን ልዩነት አለው? አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ያያል። አንደኛው ወንበር ላይ ተቀምጠህ ዓይንህ ውስጥ ጠብታ ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ ብሌን የሚያሰፋውን። ሁለተኛው ማዘዣ መጻፍ ነው። ሦስተኛው ጠርሙሱን ከራሱ መደርደሪያ አውጥቶ ይዘኸው እንድትሄድ መስጠት ነው። አንዱን መፍቀድ ሌላውን መፍቀድ አይደለም።

ሙያችን እዚህ የደረሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ለምርመራ የሚሆን ጠብታ በመጀመሪያ በሕግ የፈቀደችው ሮድ አይላንድ ናት፣ በ1971። ለሕክምና የሚሆነውን ዌስት ቨርጂኒያ በ1976 ፈቀደች። ሃምሳዎቹም ስቴቶች እስኪፈቅዱ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ወሰደ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ኦፕቶሜትሪስት ግላኮማን (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ነው) በመድኃኒት እንዲያክም የተፈቀደው በ2021 ነው። ያንተዋ ኒውዮርክ የሚዋጥ መድኃኒት የሚፈቅደውን ሕግ ያወጣችው በዚያው ዓመት ነው። እያንዳንዱ እርምጃ የየስቴቱን ምክር ቤት ያከራከረ ነው።

መስጠትን በተመለከተ አንዳንዱ ስቴት ከሌላው ሐኪም እኩል ያደርገናል። አንዳንዱ ነፃ ናሙና ብቻ ይፈቅዳል። ኒውዮርክ የራሱ ፋርማሲ የሌለው መድኃኒት አዛዥ ባለሙያ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከ72 ሰዓት በላይ የሚበቃ መድኃኒት እንዳይሰጥ ትከለክላለች። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ የሦስት ቀን ጠብታ ቢሰጥህ የቀረውን ከፋርማሲ ትወስዳለህ።

ከዳላስ፦ ዶክተር፣ ዓይኔ ይቀላል። ምን ልግዛ?

መልስ፦ በጽሑፍ ዓይን አይመረመርም። የሚያምህ ከሆነ፣ ብርሃን ማየት ከከበደህ፣ ወይም ኮንታክት ሌንስ የምታደርግ ከሆነ ዛሬውኑ ታይ።

ፋርማሲስቷ፦ እኔ በዚህ ጉዳይ አልስማማም። የሚያዘውም የሚሸጠውም አንድ ሰው ከሆነ ታካሚውን ማን ይጠብቀዋል? እኛ እኮ ቆጠራ ብቻ አይደለም የምንሠራው።

የደቡብ ዳኮታው፦ እህቴ፣ አንቺ ከተማ ሆነሽ ነው። እኔ ያለሁበት ቦታ ፋርማሲው ቅዳሜ በጊዜ ይዘጋል። ሥራ ላይ ብረት ዓይኔ ገብቶ ኦፕቶሜትሪስቱ አወጣልኝ። አንቲባዮቲኩን ከእጁ ባይሰጠኝ እስከ ሰኞ ምን ልሆን ነበር?

ፋርማሲስቷ፦ ለድንገተኛ አልቃወምም። ለየወሩ መድኃኒት ነው የምለው።

የሜሪላንዷ፦ ለመሆኑ መነፅርስ ለምንድን ነው እንዲህ የሚወደደው? ፍሬሙ ብቻ ስንት ነው!

የደቡብ ዳኮታው፦ ኢንሹራንስ ስላለ ነው የሚቆልሉት።

መልስ፦ የመነፅር ዋጋ ይቆየን፣ እባካችሁ። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እኔ ሕጉ እንዲፈቅድ እፈልጋለሁ። ዓይኑ የቆሰለ ሰው በሌሊት ፋርማሲ ፍለጋ መንከራተት የለበትም። ግን ፋርማሲስቷ ያለችውን አትናቁት። ቲሞሎልን ውሰዱ። ለግላኮማ በጣም የታወቀ ጠብታ ነው። አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል፤ የልብ ምትንም ያዘገያል። የኛ ሰው ዓይኑን ሊታይ ሲመጣ ስለ አስሙ አይናገርም። «ዓይኔን ነው የመጣሁት፣ ደረቴን ምን አመጣው?» ይላል። ሁሌ ከሚሄድበት ፋርማሲ ከወሰደ ግን የአስም መድኃኒቱ ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ሁለተኛ ሰው ያያል። ጠብታውን ከክሊኒኩ ስትወስዱ ያ ሁለተኛ ሰው የለም። ስለዚህ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ንገሩን። ክኒኑንም፣ የሚነፋውንም፣ ከአገር ቤት የመጣውንም።

ጠብታ ደግሞ ዓይን ላይ አይቀርም። በእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፣ ከዚያ ደም ውስጥ ይገባል። ጠብ ካደረጋችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት አንድ ሁለት ደቂቃ ተጫኑት።

ከአትላንታ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የዴክሳሜታሶን ጠብታ፣ ስቴሮይድ ማለት ነው፣ አመጣችልኝ። ለአለርጂዬ ነው። እዚህ ያለው ኦፕቶሜትሪስትም ስቴሮይድ ነው የሰጠኝ። ያው አይደለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይደለም! መድኃኒቱ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ክትትሉ ነው።

ስቴሮይድ ቅላቱን ቶሎ ያጠፋል፣ ማሳከኩን ያስታግሳል። ሰው የሚወደው ለዚህ ነው። ግን ሲቆይ በአንዳንድ ሰው የዓይን ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ አያምም፣ አያቀላም። የዓይን ነርቭን ዝም ብሎ ይበላዋል። ሞራም ያመጣል። ዓይኑ ላይ ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ያለበት ሰው ስቴሮይድ ብቻ ካደረገ ቁስሉ ይብስበታል።

የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ያሳክከዋል። አገር ቤት እያለ ጠብታውን ያለ ማዘዣ እየገዛ ለዓመታት አደረገ። እኔ ዘንድ የመጣው መነፅር ሊቀይር ነበር። የጎን እይታው ሄዷል። የሄደው አይመለስም። እናቱ አብራው ነበረች፤ ጠብታውን የምትገዛለት እሷ ነበረች። ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ ከክሊኒክም ውሰደው ከፋርማሲ፣ ግፊትህ የሚለካበት ቀጠሮ ሳትይዝ ስቴሮይድ ይዘህ አትውጣ። ከእናትህ የመጣውን አታድርገው። ጠርሙሱን ይዘህ ለሐኪምህ አሳይ።

እንግዳ፦ ኦፕቶሜትሪስት መድኃኒት ሽጦ መስጠት ይችላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ስቴትህን ጻፍ።

እንግዳ፦ ባጠቃላይ ማለቴ ነው።

መልስ፦ ባጠቃላይ የሚባል ሕግ የለም። የስቴትህ የኦፕቶሜትሪ ቦርድ ድረ ገጽ አለው። ሕጉም እዚያ አለ፣ የሐኪምህም ፈቃድ እዚያ ይታያል።

ከሲያትል፦ ኮርኒያዬ (የዓይኔ የፊት ሽፋን) ተጭሮ እንቅልፍ አጣሁ። ዓይኔን ያደነዘዙበትን ጠብታ ስጡኝ ብል እምቢ አሉኝ። ጠንከር ያለ ክኒንም አልጻፉልኝም።

መልስ፦ ጠብታውን መከልከላቸው ትክክል ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ ለምርመራ ነው። ቤት ወስደሽ ደጋግመሽ ብታደርጊው ቁስሉ አይድንም፤ ኮርኒያሽንም ሊጎዳው ይችላል። ክኒኑን በተመለከተ፣ ቁጥጥር ያለባቸውን መድኃኒቶች ለመጻፍ የስቴቱ ፈቃድም የፌዴራል ምዝገባም ያስፈልጋል። ሃይድሮኮዶን የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ወደ ጥብቁ ምድብ ሲገባ በአንዳንድ ስቴቶች ከእጃችን ወጥቶ ነበር። አሁንም ሕመሙ ካልለቀቀሽ ዛሬውኑ ተመልሰሽ ታይ።

የጎንደሩ፦ ጎንደር ኦፕቶሜትሪ ተምሬያለሁ። እዚህ እንዴት ልሥራ?

መልስ፦ ብሔራዊ ፈተናና የስቴት ፈቃድ አለ፤ ከዚያ በፊት ግን እዚህ እውቅና ካለው ትምህርት ቤት ዲግሪ ያስፈልግሃል። ጉዳዩ ሰፊ ነው። ለብቻው ጻፍልኝ።

ከቨርጂኒያ፦ እናቴ ሰባ ዓመቷ ነው። ለግላኮማ ጠብታ ከክሊኒኩ ሰጧት። ጠርሙሱ ላይ ስሟ የለም። «ከኛ ነው የምትገዙት» አሉን።

መልስ፦ ከክሊኒኩ መግዛት ግዴታችሁ አይደለም። «ማዘዣውን ወደ ፋርማሲያችን ላኩልን» በያቸው። የመነፅር ማዘዣን ከ1978 ጀምሮ፣ የኮንታክት ሌንስን ደግሞ በ2003 በወጣው ሕግ፣ ሳትጠይቂ እንዲሰጡሽ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። የመድኃኒቱን ግን አንቺ ጠይቂ።

የስሙ ነገር አሳስቦኛል። ከክሊኒክ የሚወጣ መድኃኒት የታካሚው ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ አወሳሰዱና ቀኑ ሊጻፍበት ይገባል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ጠብታ ካለው ደግሞ ይቀያየራል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን የመድኃኒት ስም አንብቢልኝ። ቲሞሎል ከሆነ እናትሽ አስም ወይም የልብ ችግር እንዳለባት ለክሊኒኩ ተናግራ እንደሆነ ጠይቂያት። ካልተናገረች የሚቀጥለውን ጠብታ ከማድረጓ በፊት ደውሉላቸው። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

ከቨርጂኒያ፦ ቲሞሎል ነው የሚለው። አስም አለባት። አልነገረቻቸውም።

መልስ፦ አሁኑኑ ደውይ። ክሊኒኩ ቢዘጋም የሚያነሳ ተረኛ ሐኪም ሊኖር ይችላል። ካላነሱልሽ ፋርማሲስት አናግሪ። ትንፋሽ ካጠራት 911 ጥሪ። እኔ እዚሁ ነኝ፤ ያሉሽን ጻፊልኝ።