የፎቶ ገለጻ በግሥ ይዘጋ ወይ?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጽ እሠራለሁ። ማየት የተሳናቸው ሰዎች በስክሪን ሪደር (ገጹን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) እንዲሰሙት ለየፎቶው አልት ቴክስት (በገጹ ኮድ ውስጥ የሚገባ የፎቶ ገለጻ) ጻፊ ተባልኩ። «በምስሉ ላይ የሚታየው…» ብዬ ልጀምር? ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን ወይስ «…የያዘች ሴት» ብዬ ላብቃ? አለቃዬ ደግሞ ረዘም ይበል ይለኛል። አንድ ናሙና ልኬያለሁ።

መልስ፦ «በምስሉ ላይ የሚታየው»ን ይጣሉት። ምስል መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ ይናገራል፤ እርስዎ ሲደግሙት ሰውዬው አንዱን ነገር ሁለቴ ይሰማል።

ከባዱ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። አማርኛ ገላጩን ከፊት፣ ዋናውን ስም ከኋላ ያደርጋል። የላኩልኝን የባቲ ገበያ ገለጻ እንየው፦ «በሰኞ ገበያ ከቆላ ጨው የጫኑ ሦስት ግመሎችን በገመድ እየሳበ አቧራማውን ሜዳ የሚያቋርጥ ሽርጥ ያገለደመ ጎልማሳ።» ሰዋስዉ እንከን የለውም። ዓይን ሐሳቡ ቢጠፋበት ተመልሶ ያነበዋል። ጆሮ ግን ሰኞውን፣ ጨዉን፣ ግመሉን፣ አቧራውን ሁሉ ይዞ «ማነው እሱ?» እያለ እስከ መጨረሻው ቃል ይጠብቃል። እውነቱን ለመናገር ከግመሎቹ ይልቅ የተጫነው አድማጩ ነው። ደግሞስ ጆንያው ውስጥ ያለው ጨው መሆኑን ከፎቶው በምን አወቁ?

እኔ እንዲህ እሰብረዋለሁ፦ «አንድ ጎልማሳ በባቲ ገበያ ሦስት ግመሎችን እየሳበ ነው። ሽርጥ አገልድሟል። ግመሎቹ ጆንያ ተጭነዋል።» ሰውዬውና ሥራው መጀመሪያ ገቡ፤ ሌላው ተከተለ። ስለዚህ ገለጻው ሲበዛ በግሥ ይዝጉ። ገላጩ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ከሆነ ግን ስሙ ይበቃል፤ «የደሴ ከተማ ከጦሳ ተራራ ላይ» ብሎ ማቆም ምንም አይጎድለውም።

ግሡንም ያስተውሉ። «ሽርጥ ያገለድማል» ቢሉ ልማዱን መናገርዎ ነው፤ «ትቀመጣለች» ቢሉ ገና ልትቀመጥ ነው። ለልብስና ለአኳኋን «ለብሷል»፣ «ቆሟል»፣ «ተቀምጣለች» ይበሉ። ለእንቅስቃሴ «እየሳበ ነው»፣ «እየፈተለች ነው»። አንቱታም አይርሱ፤ ካህኑ ወይም ሼኹ «ይዟል» ሲባሉ የሚሰማ ወሎዬ ዝም አይልዎትም። «ይዘዋል» ነው።

አለቃዎ ስለ ርዝመት ያሉትን ፎቶው የተቀመጠበት ቦታ ይወስነው። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ይውሰዱ። ጽሑፉ ስለ አሠራሩ ከሆነ፦ «ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ። ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር እኩል ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የሆኑ መስቀሎች ተቀርጸውበታል።» ያው ፎቶ ተጭነውት ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ከሆነ ግን ስለ ጣሪያው ማን ጠየቀ? «የላሊበላ ጉዞ ለመያዝ» ይበቃል። ለጌጥ ብቻ የገባ ከሆነ ደግሞ አልቱ ባዶ ይሁን፤ ፕሮግራሙ ዘሎት ያልፋል። ባዶ ይሁን ማለቴ ከኮዱ ጨርሶ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ጨርሶ ከሌለ ብዙ ጊዜ የፋይሉን ስም፣ ያንን የቁጥርና የፊደል ዝብርቅርቅ፣ ለአድማጮቹ ያነብባቸዋል። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መመዝገባቸው ከፎቶው አይታይም፤ እሱን ለዋናው ጽሑፍ ይተዉት፣ ሁሉም አንባቢ እንዲያገኘው። ፎቶው የዋጋ ዝርዝር ወይም ማስታወቂያ ከሆነ ግን እዚያ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ወይ በአልቱ ወይ በገጹ ላይ መጻፍ አለበት፤ እዚህ ላይ ማሳጠር የለም።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። አሕጽሮተ ቃል ይዘርዝሩ። «ወ/ሮ»ን፣ «ቅ/ማርያም»ን እኛ ስናይ አፋችን ራሱ ይሞላዋል። ፕሮግራሙ ግን «ቅ» ቅዱስ ይሁን ቅድስት አያውቅም።