የተሰራጨ የኩላሊት ካንሰርና መድኃኒቶቹ፦ ጥያቄና መልስ

ለካንሰር ሕሙማን መድኃኒት የማዘጋጅ ፋርማሲስት ነኝ። የደረሱኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የሐኪማችሁ ነው።

ጥያቄ፦ የአባቴ ካንሰር ወደ ሳንባው ተሰራጭቷል። ለምን ኬሞቴራፒ አላዘዙለትም?

መልስ፦ የተለመደው የኩላሊት ካንሰር ለኬሞቴራፒ እጅ ስለማይሰጥ ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ ሐኪም ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ፣ ሌላው ፔምብሮሊዙማብና አክሲቲኒብ ይሻላል አሉን። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አክሲቲኒብ ዕጢው የደም ሥር እንዳያበቅል የሚከለክል እንክብል ነው፤ የቀሩት የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ ያስነሣሉ። ዕጢው ትንፋሽ እያሳጠረ ወይም ሕመም እያበረታ ከሆነ፣ እኔ እንክብል ወዳለበት ጥምረት አደላለሁ፤ ቶሎ ያሳንሳል። ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ የመጀመሪያው ጥምረት ደስ ይለኛል፤ ሁሉም ሰው ባይጠቀምበትም፣ የሠራለት ሰው ውጤቱ ለዓመታት ሊዘልቅለት ይችላል። ይህ ጥምረት በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው የአደጋ ደረጃቸው መካከለኛና ከፍተኛ ለሆነ ሕሙማን ነው። ስለዚህ «የአባታችን ደረጃ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሰላው በ6 ነገሮች ነው፦ የደም ማነስ፣ ከፍ ያለ ካልሲየም፣ የበዙ ኒውትሮፊሎች (የነጭ የደም ሴል ዓይነት)፣ የበዙ ፕሌትሌቶች (ደም የሚያረጉ ሴሎች)፣ የአቅም መድከም፣ በሽታው ከታወቀ ዓመት ሳይሞላ ሕክምና ማስፈለጉ። አንድም ከሌለ ደረጃው ዝቅተኛ፣ 1 ወይም 2 ካለ መካከለኛ፣ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው።

ጥያቄ፦ ፔምብሮሊዙማብና አክሲቲኒብ እየወሰድሁ ተቅማጥ ያዘኝ። ጥፋተኛው የትኛው ነው?

መልስ፦ የምወደው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ያስቀምጣሉ፣ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። አክሲቲኒብ በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚቀንስ፣ ሐኪሙ ለሁለት ሦስት ቀን ያስቆመዋል። ተቅማጡ ከተገታ ጥፋቱ የእንክብሉ ነው፤ መጠኑ ተቀንሶ ይቀጥላል። ካልተገታ አንጀትዎ በመርፌው፣ ማለትም በፔምብሮሊዙማብ፣ ሳቢያ ተቆጥቶ ይሆናል፤ ይህ ስቴሮይድ (ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት) ይፈልጋል፣ መዘግየትም አይወድም። እንክብሉ ካቦዛንቲኒብ የሚባለው ሌላው የኩላሊት ካንሰር እንክብል ቢሆን ኖሮ ዘዴው እንዲህ አይቀናም ነበር፤ ግማሹ እንኳ ከደም ለመውጣት 4 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በራስዎ ግን አያቁሙ። ስንት ጊዜ እንደተቀመጡ በማስታወሻ ይጻፉ፤ ከወትሮው በ4 ከበለጠ ወይም ደም ካዩ በዚያው ቀን ይደውሉ።

ጥያቄ፦ አክሲቲኒብን ከጀመርሁ ወዲህ የደም ግፊቴ ወጣ። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። የሚጠበቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የግፊት መድኃኒት ተጨምሮ ይቀጥላል። በቤትዎ እየለኩ ቁጥሩን ይመዝግቡ። ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።