መልስ፦ የጣርማበሩን የጣሊያን ዘመን ግንብ በሲሚንቶ እንሙላው ወይ?

«ሰሜን ሸዋ፣ ጣርማበር ላይ ባዶውን የቀረውን የጣሊያን ዘመን የድንጋይ ቤት ፉጋውን (በድንጋዮቹ መካከል ያለውን መጋጠሚያ) በሲሚንቶ ልንሞላው አስበናል» ላላችሁት፦ እባካችሁ ተዉት። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተሠርቶ በኖራ የተያያዘ ግንብ ከሆነ እርጥበቱን የሚያስወጣው በፉጋው ነው። ሲሚንቶ ሲደፍነው ውኃው ወደ ድንጋዩ ይዞራል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመታው የድንጋዩ ፊት እየተላጠ ይረግፋል።

አስቀድማችሁ ግን ጣሪያውን እዩ። ቆርቆሮው ተነቅሎ የግንቡ አናት ዝናብ የሚጠጣ ከሆነ ከታች የምትደክሙት በከንቱ ነው።

የላላውን ፉጋ በመሮና በመዶሻ ከ2.5 እስከ 3 ሳ.ሜ. ቆፍራችሁ አውጡ። ግራይንደር አታስገቡ፣ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። አቧራውን ጠርጋችሁ ከዋዜማው ውኃ አጠጡት። ድብልቁ 1 እጅ የተቦካ ኖራ (በውኃ ርሶ እንደ ሊጥ የለሰለሰ)፣ 3 እጅ የታጠበ ሸካራ አሸዋ ነው፤ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን የሚይዝ እንጂ የሚፈስ አይሁን። ጠቅጥቃችሁ ከሞላችሁ በኋላ እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ቢያንስ ሳምንት አቆዩት፤ በአንድ ቀን ፀሐይ ከደረቀ በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ ጨርሱት።

ፈቃድም አለ፦ በቅርስነት የተያዘ ቤት ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይጠገንም። መሮ ከማንሳታችሁ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንስታችሁ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ይዛችሁ ሂዱ።